የበዓል ዋዜማው ጥሪ ውል ይሁን

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ገና፣ ፋሲካ ወይም ዘመን መለወጫ ሲቃረብ አንድ የተለመደ ማስታወቂያ እንሰማለን። ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በበዓሉ ዋዜማ ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ፣ የቤት ደንበኞችም እንጀራ መጋገሩን ጭነት ወደማይበዛበት ሰዓት እንዲያዛውሩ ይጠየቃሉ፤ ብዙዎችም ይተባበራሉ። ንግግሬን ከዚህ የጀመርኩት፣ እኛ የሙያው ሰዎች የፍላጎት አስተዳደር የምንለው ነገር ለአገራችን ባዕድ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ደንበኛው ሲጠየቅ ይቀንሳል። የጎደለው የቀነሰውን በትክክል የሚለካ አሠራር፣ ለቀነሰው የሚከፈል ዋጋና ሁለቱን የሚያጸና ደንብ ነው።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ እያለን ስለ ፍጆታ ቅነሳ ማውራት ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ማለትም ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት ያህል፣ አቅም ባለው የሰፈር ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 60 ቤቶች በአንድ ምሽት ምጣዳቸውን በአንድ ጊዜ ቢሰኩ፣ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ሳይቆጠር ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ግድቡ ባለበት በጉባ ተርባይኖቹ ሁሉ ቢዞሩም ያ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። በማስተላለፊያ መስመሩና በማከፋፈያ ጣቢያውም ችግሩ ያው ነው። ጭንቀታችን በምሽቱ ጥቂት ሰዓታት ላይ የተከማቸ ሲሆን፣ ለእነዚያ ሰዓታት ብቻ ብለን የምንገነባው መሣሪያ የቀረውን ሌሊትና ቀን በከፊል ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ውኃ ሲጎድል ደግሞ ምን እንደሚሆን በ2011 ዓ.ም. አይተናል። በግቤ ሦስት ግድብ የውኃው መጠን በመቀነሱ በዚያ ዓመት ግንቦት ወር አገሪቱ ወደ ፈረቃ ገባች። ፈረቃ ሁሉንም በእኩል ያጠፋል፤ እኩልነቱ ግን ፍትሕ አይደለም። የወተት ማቀዝቀዣ ያለው ነጋዴ ለሦስት ሰዓት ሲጠፋበት ወተቱ ይበላሽበታል፤ ጥሬ ዕቃውን ነገ መፍጨት የሚችል የሲሚንቶ ወፍጮ ግን በቂ ክፍያ ካገኘ በፈቃዱ ሊያቆም ይችላል። ማን በርካሽ ማቆም እንደሚችል የሚያውቀው ራሱ ደንበኛው ስለሆነ፣ ይህን እውቀት ከእርሱ የምናገኘው ዋጋ አቅርበን ስንጠይቀው ነው።

ለቤት ደንበኛ የሚላከው ሒሳብ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደተጠቀመ ይቆጥራል እንጂ መቼ እንደተጠቀመ አይጠይቅም። ለኢንዱስትሪው ግን ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት በነበረው ታሪፍ የሰዓት ልዩነት ነበር፦ ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ኢንዱስትሪ በከፍተኛ ጭነት ሰዓት 74 ሳንቲም፣ ከዚያ ውጭ 54 ሳንቲም ገደማ። በእኔ እምነት ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ልዩነቱ ግን አነሰ። በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 20 ሳንቲም የሚያተርፍ ባለፋብሪካ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞቹ የሚያወጣውን የትራንስፖርት ወጪ እንኳ መሸፈን ያዳግተዋል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ለንግድና ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ያወጣችው ታሪፍ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚወሰደውን ኃይል፣ ደንበኛው ከቀድሞ አማካይ ፍጆታው ካለፈ፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ነው። ይህን ያህል ቅናሽ የሥራ ሰዓትን ያስለውጣል።

ለሚቀንስ ደንበኛ በቀጥታ የመክፈልን ጉዳይ አሜሪካኖች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ተከራክረውበታል። የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ባወጣው ትእዛዝ ቁጥር 745፣ ቅነሳው ለተጠቃሚዎች የሚያስገኘው ጥቅም ከወጪው ሲበልጥ፣ አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት የቀነሰ ደንበኛ አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ካመነጨው ጣቢያ እኩል እንዲከፈለው ደነገገ። አመንጪዎች ከሰሱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ትእዛዙን ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በ6 ለ 2 ድምፅ አጸናው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር የሚናቅ አልነበረም፤ ደንበኛው ፍጆታውን በመቀነሱ ከሒሳቡ በተረፈለት ገንዘብ አንዴ ተጠቅሞ ሳለ ለምን ዳግመኛ ይከፈለዋል ብለው ነበር። ታሪፋችን እንደ እነርሱ ውድ ስላልሆነ ከሒሳቡ የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ስጋት እኛን ያን ያህል አያሰጋንም።

እኛን ሊያሰጋን የሚገባው ሌላ ነው፤ እርሱም የመነሻ ፍጆታ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ቀነሰ የምንለው ባይጠራ ኖሮ ይጠቀም ከነበረው ሲሆን፣ ያን ግን ማንም በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ የሚገመት ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የወረቀት ፋብሪካዎች መነሻ ፍጆታቸው በሚለካበት ወቅት የራሳቸውን ጄኔሬተር ሥራ ቀንሰው ከመስመር የሚወስዱት ኃይል ከፍ ብሎ እንዲመዘገብ አድርገዋል፣ ከዚያም እንደ ወትሮው እያመነጩ ቀነስን ብለው ክፍያ ወስደዋል በሚል በዚያው ኮሚሽን ተከሰዋል። በየግቢው ጄኔሬተር በሞላባት አገራችን ይህ ቀዳዳ አስቀድሞ ካልተደፈነ መርሐ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት እምነት ያጣል። ስለዚህ መነሻው ጥሪው ከመታወቁ በፊት ባሉ ተመሳሳይ የሥራ ቀናት አማካይ እንዲሰላ፣ የግቢው ጄኔሬተርም የራሱ ቆጣሪ እንዲኖረው በብርቱ አሳስባለሁ።

ሌላው ቋጠሮ የተቋማት ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው አንድ፣ የሚያከፋፍለውና ቆጣሪ የሚያነበው ሌላ ተቋም ነው። ቅነሳው የማመንጫና የማስተላለፊያ ወጪን ሲያድን ትርፉ በአንደኛው ቤት ይቀራል፤ የሽያጭ መቀነሱና የቆጣሪው ወጪ ግን በሌላኛው ይወድቃል። ትርፉ የሚጋራበት ቀመር በደንብ ካልተጻፈ አከፋፋዩ መርሐ ግብሩን በቅንነት ያራምዳል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ማኅበራችን በዚህ ጉባኤ የሚወያይበት ረቂቅ ሰፊ አይደለም። በመካከለኛና በከፍተኛ ቮልቴጅ ኃይል የሚወስዱ፣ በየሰዓቱ የሚመዘግብ ቆጣሪ ያላቸው ደንበኞች የበዓል ዋዜማውን ጥሪ በጽሑፍ ውል እንዲገቡበት፣ ጥሪውም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እንዲደርሳቸውና ክፍያው በሚቀጥለው ወር ሒሳብ ላይ እንዲታሰብላቸው ይጠይቃል። የቤት ደንበኛን በሚመለከት አቋሜን አልሸሽግም። በ2011ዱ ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀመው ዋጋው በ27 ሳንቲም ገደማ እንዲቆይ የተደረገው በትክክል ነበር፤ በምሽት ለልጆቿ የምትጋግር እናት ላይ የምሽት ጭማሪ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ለእርሷ የሚስማማው በሌላ ሰዓት ስትጋግር የሚሰጥ ቅናሽ ነው።

የጠዋቱ ውይይት የመነሻ ፍጆታን ስሌት፣ የከሰዓቱ የሁለቱን ተቋማት የትርፍ ክፍፍል ይመለከታል። ከፋብሪካ የመጣችሁ አባላት ማሽን ማቆም በሰዓት ምን ያህል እንደሚያስከፍላችሁ ሳትቆጥቡ እንድትነግሩን እለምናለሁ፤ በረቂቁ ውስጥ የዋጋው ቦታ ባዶ የተተወው ከእናንተ ለመስማት ነው። በዚሁ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።