መቀሱ የተናገረው

ውድ የፊልም ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የሌላ ሰው ምስል ቆርጦና ገጣጥሞ ለፖለቲካ ትችት ስለማዋል እንድናገር ስጋበዝ፣ አዘጋጆቹ ያሰቡት ስለ ስልካችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። ከታወቀ ድራማ ቁራጭ ወስዶ የባለሥልጣን ድምፅ መለጠፍ ዛሬ ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ወደ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ልመልሳችሁ።

እንቁጣጣሽ ነበር። በዚያ ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። መሠረቱ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ሠርቶ፣ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን የታየለት ዘገባ ነው። ደርግ በመካከሉ ሌላ ምስል አስገባበት፤ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ የሚጎነጩ እንግዶች፣ ለውሾቻቸው ሥጋ የሚሰጡ ጃንሆይ። እሳቸውም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ማለዳ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነበበላቸውና በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እስቲ ስፌቱን ጠጋ ብለን እንየው። ለውሻ ሥጋ የሚሰጡት ሰው ለብቻቸው ሲታዩ ውሻ የሚወዱ አዛውንት ናቸው። የተራበው ሕፃን ለብቻው ሲታይ የድረሱልን ጥሪ ነው። አንዱ ከሌላው ሲቀጠል ግን ተመልካቹ በሁለቱም ውስጥ የሌለ ዐረፍተ ነገር ይሰማል፤ ከሕፃኑ አፍ ተነጥቆ ለውሻ ተሰጠ። ይህን የተናገረ ሰው የለም። የተናገረው መቀሱ ነው።

ውሸት ነበር ወይ? ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ምስሎች በተለያዩ እጆች፣ ለተለያየ ዓላማ የተቀረጹ ሆነው ሳለ፣ ቅንብሩ እንደ አንድ የዓይን ምስክር ቃል ቀረበ። በዚያ ላይ አገሪቱ የነበራት ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነበር፤ መልስ የሚሰጥበት ሌላ ጣቢያ አልነበረም።

ዐሥር ዓመት ቆጠርን። በመስከረም 1977 ያው ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በቀጣዩ ወር መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ረሃብ በቢቢሲ ታየ። ድግስ እዚህ፣ ረሃብ እዚያ፤ ጥሬ ዕቃው ሳይለወጥ ተመልሶ መጣ። በ1967 ያን ሁሉ የተናገረው መቀስ ግን በዚህ ጊዜ ከመሳቢያው አልወጣም። ማን ደፍሮ ያውጣው?

ከዚህ ሁሉ ጋር የማነጻጽረው አንድ ትንሽ ፊልም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቻርልስ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የናዚዎችን የገዛ ፕሮፓጋንዳ ፊልም ወስዶ፣ የወታደሮቹን ሰልፍ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ፣ በዘመኑ ለንደን ይጨፍርበት በነበረው በላምቤዝ ዎክ ዜማ አስጨፈራቸው። ያ ሁሉ ግርማ፣ ያ ሁሉ እግር ማንሳት፣ የሠርግ ቤት ጭፈራ ሆኖ አረፈው! ሪድሊም ጠላቱን ለመምታት የተቀጠረ መቀስ ነበረው፤ ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን ናዚ በላምቤዝ ዎክ እንዳልጨፈረ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስፌቱ ፊት ለፊት ይታያል፤ የሚያስቀውም እሱው ነው።

ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። መብራቱን ያጥፉልን፤ እግሮቹ ወደኋላ የሚመለሱበትን ቅጽበት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።