አንድ ጣሳ በቆሎና የማኅበሩ ስጋት

(ምስል፦ መራዊ አካባቢ ያለ የእህል መጋዘን። የቆርቆሮው በር ይከፈታል። የተደረደረ ጆንያ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሲሚንቶው ወለል ይወርዳል።)

እንዴት ሰነበታችሁ። ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሠመረውን አይታችሁ ሰኞ ማክሰኞ ልንጫወት መስሏችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። የስጋት ሠንጠረዥ ነው። አምስት ሳጥን ወደ ጎን፣ አምስት ሳጥን ወደ ታች። በላዩ የተበተነው በቆሎ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ የአንድ ሰው ድምፅ ናት።

ዛሬ የማወራችሁ አንድ ድርጅት የዘላቂነት ስጋቱን እንዴት እንደሚገመግም ነው። ምሳሌዬ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ስሙ ይቆየን። ለአባላቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፣ በቆሎና ጤፍ ሰብስቦ ይሸጣል፣ አንድ ወፍጮም አለው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ማኅበር ብርቅ አይደለም። ሆቴል ወይም ፋብሪካ የምታስተዳድሩ ብትሆኑም ነገሩ ብዙ አይለይባችሁም።

(ምስል፦ አቧራ የለበሰ፣ በፕላስቲክ የተጠረዘ ሰነድ።)

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ቢሮው ውስጥ የስጋት ሰነድ አለን ብለው በኩራት አሳዩኝ። ለአንድ ፕሮጀክት ማመልከቻ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሠላሳ ምናምን ስጋት ተደርድሯል። እያነበብኩ ስወርድ «የባሕር ወለል ከፍታ መጨመር» የሚል አገኘሁ። ያለነው ጎጃም ነው እኮ! የጮቄ ተራራ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የባሕሩ ውኃ መራዊ እስኪደርስ ድረስ የሚያሳስበን ሌላ ብዙ ነገር ይኖራል። ሰነዱ ከሌላ አገር ተገልብጦ መምጣቱ ገባኝ፤ የቀረውን ገጽ አላነበብኩትም።

ስለዚህ ከስጋት ዝርዝር አትጀምሩ። ከምትደገፉበት ጀምሩ። ይህ ድርጅት ምን ላይ ተደግፎ ነው የቆመው? አንዱ ቢነሳ እንንገዳገዳለን ወይስ እንወድቃለን? የእኛው ማኅበር ሰዎች ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ አፈሩ። ክረምቱ በጊዜው መግባቱ። ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣን መንገድ። የወፍጮው መብራት። የባንክ ብድር። በቆሎውን በጅምላ የሚያነሳው አንድ ነጋዴ። አንድ ሰው ደግሞ ዘግየት ብሎ «የአባሉ እምነት» አለ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ዘላቂነት ሲባል ችግኝ ተከላ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ችግኙም አለበት፤ የሰውና የአስተዳደር ጉዳይ ግን እኩል አሉበት። አንድ ሰው ብቻውን የሚፈርምበት ቼክ ድርጅት ለማፍረስ ከድርቅ አያንስም።

(ምስል፦ አዊ፣ ፋግታ ለኮማ። በቁመት እኩል የሆነ የዲከረንስ ደን። ከመካከሉ የከሰል ጭስ።)

የተደገፉበትን አለማየት ምን እንደሚያመጣ አዊ ላይ አይተናል። ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ እየዘራበት ይተክለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ያከስለዋል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ይገባል። የተራቆተ መሬት አልብሷል፣ ለወጣቱ ሥራ ሰጥቷል፣ ብዙ ቆርቆሮ ቤት አሠርቷል። አሁንም ክፉ አልናገረውም። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ዝገት የሚሉት የፈንገስ በሽታ ገባበትና ስንት ማሳ አደረቀ።

በሽታው ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ተነስቶ «ይህ ዛፍ ቢታመምስ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ታሞ አያውቅም» ነበር የሚሆነው። በስጋት ሠንጠረዥም ዕድሉ ከ5 1 ይባልና ይታለፋል። ታሞ አለማወቁ ግን ስለ ነገ የሚነግረን ጥቂት ነው። አገር ምድሩ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን በሽታውን ከማሳ ማሳ እንዳይሻገር የሚያግደው የለም። ችግኝ የሚያፈላው፣ ከሰል የሚያከስለው፣ ጆንያ የሚሸጠው፣ ጭነቱን የሚያመላልሰው፣ ብድር የሰጠው፦ አንድ ዛፍ ላይ ተደጋግፈው ነበር።

(ምስል፦ መዳፍ ላይ ያለ ቀይ አፈር።)

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። እዚህ የሁሉም መደገፊያ ይህ ቀይ አፈር ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ በዘመናት ብዛት እየታጠበ ወርዷል። ገለባውን ለከብት፣ አገዳውን ለማገዶ እናነሳዋለን፤ ለአፈሩ የሚመለስለት የለም። በዚህ ላይ ዩሪያን የመሰለ ማዳበሪያ ብቻውን ዓመት በዓመት ሲጨመር አሲዱን ያብሰዋል። የአፈሩ ፒ.ኤች (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 እየወረደ ሲሄድ አልሙኒየሙ ሟሙቶ ሥር ይጎዳል፣ ፎስፎረሱም ይታሰርና ተክሉ አያገኘውም። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 40 ከመቶ የሚበልጠው የአሲድ ችግር እንዳለበት ይገመታል፤ ምዕራብ ጎጃም፣ ምሥራቅ ጎጃምና አዊ ክፉኛ ከተጠቁት ናቸው። ገበሬው ግን ይህን በፒ.ኤች አይናገረውም። «መሬቱ ማዳበሪያውን በላው» ነው የሚላችሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማኅበሩ ገቢው ከምንድን ነው? አንዱ ማዳበሪያ ማከፋፈል አይደል? ዩሪያውን የምናድለው እኛ፣ አፈሩ ሲኮመጥጥ ምርት የሚያጣው የእኛው አባል፣ ምርት ሲጠፋ ባዶ የሚቀረው የእኛው መጋዘን። ይህ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ስጋት አይደለም፤ እጃችን አለበት።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። አካባቢው በእኛ ላይ ምን ያመጣል? እኛስ በአካባቢው ላይ ምን እናመጣለን? የአውሮፓ ኅብረት የዘላቂነት ሪፖርት ሕግ ትልልቅ ድርጅቶችን ሁለቱንም ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የዘላቂነት ደረጃዎች ቦርድ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሁለት የሪፖርት ደረጃዎች በአንጻሩ ዓይናቸው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ ባለገንዘቡ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነዋ። እኔ ለገበሬ ማኅበር ሁለቱም ይጠየቅ ባይ ነኝ። እዚህ የድርጅቱ ባለቤትና በድርጅቱ ሥራ የሚጎዳው ሰው አንድ ነው።

(ምስል፦ ወደ ወለሉ ሠንጠረዥ። እጆች በቆሎ ሲያስቀምጡ።)

አሁን ወደ በቆሎው። ለእያንዳንዱ ስጋት የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው፣ ቢደርስ ጉዳቱ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ከ1 እስከ 5 ይሰጥና ይባዛል፤ 4 ጊዜ 5፣ 20። ይሄ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ቁጥሩን ማን ይስጥ የሚለው ላይ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሁሉንም 3 እያለ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። እሱን ከ3 ውጪ ምረጥ በሉት።)

መጀመሪያ ዙር ኮሚቴው ብቻ ሰጠ። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ። መንገድ መዘጋት አንደኛ ወጣ፤ ያለፉት ዓመታት ካሳዩን በኋላ ማንም አይከራከርም። የማዳበሪያ ዋጋ ሁለተኛ። የገንዘብ አያያዝ ላይ ግን አንዲት ፍሬ ብቻ፣ እሷም ዳር ላይ። ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ ሠንጠረዡ ራስጌ ቆመው እያዩ ማን እጁን ይዘርጋ?

ሁለተኛውን ዙር ሌላ አደረግነው። እህል የሚያበጥሩት ሴቶች፣ ዘበኛው፣ ወፍጮ አስፈጪው፣ ከአባላት የተጠሩ ጥቂት ገበሬዎች፣ እንዲሁም ሰው ሁሉ አያ እያለ የሚጠራቸው የመጋዘኑ ኃላፊ ገቡ። በሠንጠረዡ ፈንታ ባዶ የወተት ጣሳ ተደረደረ፤ ክዳኑ ለአንድ ፍሬ ያህል የተቀደደ። አንዱ ጣሳ ለአንድ ስጋት፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ አንድ በአንድ እየተገባ።

ጣሳው ሲገለበጥ የገንዘብ አያያዙ ክምር ከመንገዱ ክምር ጋር እኩል ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሊቀ መንበሩ አንገታቸውን ደፍተው ፍሬዎቹን ሲያዩ ቆዩና «ኦዲት የተደረግነው መቼ ነበር?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

(ምስል፦ የመጋዘን ኃላፊው፣ በእጃቸው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ።)

አያም ማንም ያላሰበውን ስጋት ይዘው መጡ። «በቆሎውን ሳይደርቅ ትገዙና ታስረክቡኛላችሁ። ክረምት ላይ ሲሸተት ደግሞ ንብረት ክፍሉ የት ነበር ትላላችሁ» አሉ። ከዚያ አሳዩን። ደረቅ ጠርሙስ፣ ጥቂት ደረቅ ጨው፣ ሲሶው ድረስ በቆሎ። ደህና አድርገው ነቀነቁትና ሩብ ሰዓት ያህል አስቀመጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ይህ ማለት እህሉ ከ15 ከመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ እንዲህ ሆኖ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል።

ሻጋታው ደግሞ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ አለ፤ ብትፈጩትም ብትጋግሩትም በቀላሉ አይጠፋም፤ ላም ከበላችው ወተቷ ውስጥ ይገባል። ገዥ አንድ ጊዜ አስመርምሮ ካገኘው ተመልሶ አይመጣም። በተጠረዘው ሰነድ ሠላሳ ምናምን ስጋት ውስጥ ይሄ አልነበረም። ጠርሙሱ ግን እዚሁ ከመጋዘኑ በር ጀርባ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ነው ያልነበረው።

(ምስል፦ የሠንጠረዡ ዝቅተኛ ጥግ። ጥቂት ፍሬዎች።)

አሁን ይህን ጥግ እዩት። ኮምጣጣ አፈር፣ ዕድል 2፣ ጉዳት 3፣ ጠቅላላ 6። በሁለተኛው ዙርም ከፍ አላለም። ስለ አፈሩ ያን ሁሉ ካወራን በኋላ! ቢሮ ውስጥ ቢሆን የዝቅተኛ ስጋት አረንጓዴ ይቀባና ይረሳል። ለምን እንዲህ ሰጣችሁ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ገበሬ «ዘንድሮም እኮ አምርተናል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ውስጥ እንደሆነ ሳልናገር ዕድሉ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጊዜው ካልተነገረው ሰው የሚያስበው የዘንድሮውን መኸር ነው። ቅድም ያነሳኋቸው የ2023 ደረጃዎችም ድርጅቱ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ጊዜ የሚለው ስንት እንደሆነ ራሱ ወስኖ እንዲናገር ያስገድዳሉ። እኛም አንድ፣ አምስትና አሥር ዓመት ብለን እንደገና ጠየቅን። ለአሥር ዓመቱ ያው ገበሬ በቆሎውን አንስቶ 5 ላይ አኖረው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨመርን፦ ከዘገየን መመለሻው ምን ያህል ነው? መንገድ የተከፈተ ዕለት ጭነት ይሄዳል። የማዳበሪያ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። አፈር ግን በአንድ ክረምት አይመለስም። ኖራ ይፈልጋል፤ በሄክታር በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ኖራ፣ ያውም ከዓመታት በኋላ የሚደገም። የኖራ ድንጋይ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃው ላይ አለ። ከዚያ ተፈጭቶ እዚህ የሚደርሰው በምንድን ነው? በመኪና። በየት? አንደኛ በወጣው ስጋት፣ በዚያው በሚዘጋው መንገድ።

ሠንጠረዡ የማያሳየው ይህን ነው። እያንዳንዱን ስጋት በየሳጥኑ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ስጋቶቹ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚመጡት። እኛ በጠመኔ ከመንገዱ ሳጥን ወደ አፈሩ ሳጥን መስመር አሠመርን። ከአፈሩ ወደ ባሕር ዛፍ ሌላ መስመር፦ እህል አልሰጥ ያለውን ማሳ ገበሬው ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፣ ማኅበሩ የሚሰበስበው በቆሎ ይቀንሳል። ከባሕር ዛፉ ወደ ብድሩ ሌላ መስመር። መጨረሻ ላይ ወለሉ የሸረሪት ድር መሰለ። ከዚያ በኋላ አፈሩን ማንም ጥግ ላይ አልተወውም።

የቀረው የመዝገብ ሥራ ነው፤ አላሰለቻችሁም። ለየስጋቱ አንድ ሰው ይመደባል፤ «ጽሕፈት ቤቱ ይከታተላል» ብሎ ነገር የለም። አንድ የሚታይ ምልክት ይጻፋል፤ ለአፈሩ የስንት አባል ማሳ ተመረመረ፣ ለሻጋታው ስንት ጭነት በጨው ተፈተነ። የሚታይበት ቀንም ይቆረጣል። እዚህ ማኅበር ጥቅምት ላይ፣ የበቆሎ ግዥ ሳይጀመር ሆኗል። የጠርሙሱ ኃላፊ አያ ናቸው፤ ያልደረቀ ጭነት አልረከብም የማለት ሥልጣንም በቃለ ጉባኤ ተሰጥቷቸዋል። የኦዲቱን ጥያቄ ለኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያቀርቡ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ተመድበዋል።

(ምስል፦ ሰዉ እየወጣ ነው። አያ ቁጢጥ ብለው ወለሉ ላይ ያለውን በቆሎ ይለቅማሉ።)

እሳቸው ገና አልጨረሱም። «አንድ ጣሳ ሙሉ ነው ያወጣሁት» እያሉ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው። ጣሳውን ወደ ካሜራው ከፍ አድርገው አሳዩን፤ ጎደል ብሏል። የጎደለውን ማን በሞዴል 22 የንብረት ወጪ ቅጽ እንደሚፈርምላቸው እየጠየቁኝ ነው።