ጡረታ የወጣነው ከሥራ ብቻ ነው

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን ወይ ጡረታ ወጥተናል፣ ወይ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውናል። እኔ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። 34 ዓመት አስተማርኩ። የመጨረሻው ቀን ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። «እንዳትጠፊ» አሉኝ። «የት እጠፋለሁ» አልኳቸው።

ጠፋሁ።

ቤት ተዘግቶብኝ አይደለም። ገበያ እሄዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። ግን አንድ ቀን ስልኬን ሳገላብጥ፣ በሳምንት ውስጥ የደወሉልኝ ልጆቼና የዕድራችን ጸሐፊ ብቻ ሆነው አገኘሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በእረፍት ሰዓት አብረን ቡና የምንጠጣ ስድስት ሴቶች ነበርን። የልጅ ሠርግ፣ የባል ሕመም፣ የዘይት ዋጋ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። ጓደኝነታችን እውነተኛ ነበር። ያገናኘን ግን ደወሉ ነበር። ደወሉ ሲቀር መገናኘቱም ቀረ። ማንንም አልወቅስም፤ እኔም አልደወልኩላቸውም።

ለጡረታችን ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 60 ዓመት ሲሞላን የሚጠብቀን ነገር እንዲኖር ተብሎ ነው። ለጓደኛ ግን ማንም አልቆረጠልንም። እኛም አላሰብንበትም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ በግልጽ ልናገረው። አንዲት ሴት ጡረታ ስትወጣ ቤተሰቡ ሁሉ «አሁንማ ጊዜ አላት» ይላል። የልጅ ልጅ ይመጣል። የታመመ ዘመድ ይመጣል። የወንድም ልጅ ለትምህርት ከገጠር ይመጣል። የልጅ ልጆቼን እወዳቸዋለሁ፣ ጠዋት ሲያቅፉኝ የማገኘውን ደስታ በምንም አልለውጠውም። ግን ከአንዱ ሥራ ወጥተን ደመወዝና እረፍት የሌለው ሌላ ሥራ ስንጀምር ማንም «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀንም። ወንዱ ጡረተኛ ካፌ በር ላይ ጋዜጣ ይዞ ሲቀመጥ ነውር የለውም። እኛ ስንቀመጥ «ምን ቸገራት» እንባላለን።

የእኛ የጡረተኛ ሴቶች የጉዞ ቡድን የተጀመረው እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ኮቺ ሰፈር የምትኖር አንዲት ጡረተኛ ነርስ በዕድር ስብሰባ ላይ «ጅማ ተወልጄ ጅሬን ወጥቼ አላውቅም» አለች። ሳቅን። ከዚያ እርስ በርስ ስንጠያየቅ ከአሥራ አንድ ሴት ሰባቱ ቤተ መንግሥቱን ገብተው አላዩም። እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችንን አስከትለን እንልካለን፣ እኛ ምሳ እንሠራለን። በሳምንቱ ሁለት ባጃጅና አንድ ታክሲ ይዘን ወጣን። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ እኮ! በእንጨት የተሠራውን ሰገነት፣ ከላይ ሆኖ የሚታየውን ሜዳ አየን። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ መስማማታቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ የመከሯቸው ነው ይባላል። ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። የዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ በዕድሜ የገፋች ሴት ምክር አለበት፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። አስተማሪ ሆኜ!

ሁለተኛው ጉዟችን ቦንጋ ነበር። ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምን፣ ዩኔስኮ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመዘገበውን የካፋን ጫካ ልናይ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ሸቤን እንዳለፍን መኪናው ቆመ። ሹፌሩ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ አራት ሰዓት ያህል ቀረ። ውሉን በአፍ ብቻ ነበር የተዋዋልነው፤ መኪናው ቢበላሽ ምን ይደረጋል የሚል ቃል አልነበረንም። ጥፋቱ የእኛም ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በጽሑፍ ነው የምናደርገው።

ግን ያንን አራት ሰዓት ዛሬም እናነሣዋለን። ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንድ ሰፈር ሃያ ዓመት ኖረዋል። በአጥር ጉዳይ ባሎቻቸው ተጣልተው እነሱም ከሰላምታ በላይ ተነጋግረው አያውቁም። አንዷ ረከቦቷን አውርዳ ጀበና ጣደች። ሌላዋ ደግሞ ቡና ቀላ፣ ያ በቅቤ የሚሠራውን የቡና ፍሬ፣ ሠርታ በዕቃ ይዛ ነበር። ሳይነጋገሩ አንዷ ቀዳች፣ አንዷ አቋደሰች። ሁለተኛው ሲኒ ላይ «ያ አጥር እኮ እስካሁን አለ?» አለች ባለ ጀበናዋ። «ምስጥ በላው» አለቻት። እስኪያለቅሱ ሳቁ። አሁን ባለ ጀበናዋን ጉልበቷን ሲያማት ሐኪም ቤት የምትወስዳት ያቺው ጎረቤቷ ናት። ቦንጋ ሳይመሽ አልደረስንም፤ ሙዚየሙን ያየነው በማግስቱ ነው። ግን ከጉዞው ሁሉ የማይረሳኝ ያ የመንገድ ዳር ቡና ነው።

ለዚህ ነው ብቻ ሳይሆን በቡድን የምንጓዘው። እንግዳ ቦታ ሄደሽ፣ አንድ ክፍል አብረሽ አድረሽ፣ ማን እንደምታንኮራፋ፣ ማን ሌሊት ተነሥታ እንደምትጸልይ ታውቂያለሽ። በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቅርበት በሰላምታ አይመጣም። አብሮ መዋል፣ አብሮ ማደር ይፈልጋል።

ገንዘቡን ትጠይቁኛላችሁ። ዕቁብ አይደለም፣ ዕጣም የለውም። በየወሩ ሁላችንም እኩል እናዋጣለን፣ ባንክ በሦስት ሰው ፊርማ እናስቀምጣለን። አንዷ ሲቸግራት ትዘላለች፤ ማን እንደዘለለች ከገንዘብ ያዧ በቀር ማንም አያውቅም። ይህን ደንብ ያወጣነው ሆን ብለን ነው። የጡረታ አበል ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለንና፣ ማንም በኪሷ ምክንያት እንድትቀር አንፈልግም።

ምግብም ቀላል ነው። ሙስሊም አለን፣ ኦርቶዶክስ አለን፣ ጴንጤ አለን። ሥጋ ላይ ከመነታረክ ሽሮ፣ ምስር፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘን እንወጣለን። ሁላችንም እንበላለን። የሶላት ሰዓት ሲደርስ መኪናው ይቆማል፤ እግር ማፍታቻም ይሆነናል።

እግርን ካነሣሁ አይቀር፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ ስሙኝ። መድኃኒታችሁን መኪና ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ የሁለት ቀን ትርፍም ይኑረው። ኢንሱሊን ፀሐይ የሚመታው ቦታ አታስቀምጡ። ሁለት ሰዓት በተጓዛችሁ ቁጥር ወርዳችሁ ተራመዱ፤ ረጅም መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል።

የመጨረሻው ችግር ቤት ውስጥ ያለው ነው። ልጄ መጀመሪያ ላይ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያዞርሻል?» አለኝ። አልተቆጣሁም። ቀኑን ከወር በፊት ነገርኩት፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ እሱና ሚስቱ እንዲያስቡበት ተውኩላቸው። አሰቡበት። ቻሉም። አንዲት ጓደኛችን ባሏ የሞተ ጊዜ ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሳ ከቤት አልወጣችም ነበር። ልጆቿ ናቸው «ይዛችኋት ሂዱ» ብለው የለመኑን። አሁን ከሁላችን ቀድማ መኪናው ውስጥ የምትገኘው እሷ ናት። ጥቁሩን ነጠላ አልጣለችውም፣ እኛም አላስገደድናትም። በላዩ ላይ ቀይ ሻርፕ ጨመረችበት።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ወንጪ እንሄዳለን። የወንጪ መንደር በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። የወንጪ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፣ ደሴቱ ላይ ገዳም አለው። ቁልቁለቱን በፈረስ መውረድ ይቻላል። ከላይ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ያዙ፤ እኔ ያንን ትምህርት ቤት የሰጠኝን ጋቢ ነው የምይዘው። ወሊሶ ፍል ውሃ አለ፤ ለጉልበታችን አንድ ሌሊት እዚያ እናድራለን።

የምንነሣው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከፈረንጅ አራዳ ነው። መኪናው ላይ አራት ቦታ ይቀራል። ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ ቆሜ ስማችሁን እመዘግባለሁ። ማንንም ባታውቁ ግድ የለም፤ ክፍል የምትጋራችሁን እዚያው አስተዋውቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።