ሦስት ፍጻሜ ያለ ዋንጫ፦ ስለ ኦንስ ጃቤር የተደረገ ሙግት

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ ሙግት አለ፤ እኔና በረከት ማይክሮፎኑ ሳይከፈት ነው የጀመርነው። ጉዳዩ ቱኒዚያዊቷ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ኦንስ ጃቤር ናት። የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በረከት፦ የእኔ አቋም አጭር ነው። ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ሦስቱንም ተሸነፈች። በ2022 ዊምብልደን፣ በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን፣ በ2023 እንደገና ዊምብልደን። ጎበዝ ናት፣ ጨዋታዋንም እወደዋለሁ። ከታላላቆቹ ተርታ ለመሰለፍ ግን አንድ ዋንጫ ይጎድላታል።

ሜሮን፦ በሩጫ የብር ሜዳሊያ ይዞ የመጣውን አትሌት «ተሸነፈ» የሚል አገር ልጅ መሆንህ ያስታውቃል።

በረከት፦ ታዲያስ! እንዲያ ነው ያደግነው።

ሜሮን፦ እስቲ ከየት እንደተነሳች እንይ። ያደገችው ሱሳ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በሦስት ዓመቷ ራኬት ያስያዘቻት እናቷ ናት። ክለቧ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው ልምምዱ በአካባቢው ሆቴሎች ሜዳ ላይ ነበር። እንግዶች ለመዝናኛ የሚጠቀሙበት ሜዳ ማለት ነው። በ12 ዓመቷ ቱኒስ ወደሚገኝ የስፖርት ትምህርት ቤት ገባች።

በረከት፦ በ2011 የፈረንሳይ ኦፕን የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነች። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በአዋቂዎቹ የደብሊው ቲ ኤ (የሴቶች ቴኒስ ማኅበር) ውድድር የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያነሳችው በ2021 በርሚንግሃም ላይ ነው። አሥር ዓመት! በዚያ ዕድሜ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ቀርቷል።

ሜሮን፦ ያ ዋንጫ ደግሞ በዚህ ደረጃ በአረብ ሴት የተነሳ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በር ተከፈተ። በ2022 ማድሪድ ላይ ጄሲካ ፔጉላን አሸንፋ ከግራንድ ስላም ቀጥሎ ከሚመጡት ትልልቅ ውድድሮች አንዱን ወሰደች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የዓለም ሁለተኛ ሆነች። ያኔ አሠልጣኟ ቱኒዚያዊው ኢሳም ጄላሊ ነበር፣ የአካል ብቃት አሠልጣኟ ደግሞ ባለቤቷ ካሪም ካሙን ነበር። ታዋቂ ስም ፍለጋ አልሄደችም።

በረከት፦ ስለ አጨዋወቷ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር አልጣላም። ዘመኑ የኃይል ነው፤ አብዛኞቹ ኳሷን ይቀጠቅጧታል። ኦንስ ግን ራኬቷን ወደ ኋላ ስባ እንደነሱ ልትመታ የተዘጋጀች ትመስላለች። ተጋጣሚዋ ይህን አይታ ሁለት እርምጃ ታፈገፍጋለች። በመጨረሻዋ ቅጽበት ኦንስ የራኬቱን ፊት ወደ ላይ አዙራ ኳሷን ከሥሯ ቆርጣ ትልካታለች። ኳሷ መረቡን አልፋ ሣሩ ላይ ትቀራለች፤ ከነጠረችም ከቁርጭምጭሚት አትበልጥም። ድሮፕ ሾት ማንም ይመታል፤ እንዲህ ደብቆ የሚመታ ግን ጥቂት ነው።

ሜሮን፦ የ2022ቱን የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ታስታውሳለህ? የተጋጠመችው ከጀርመናዊቷ ታትያና ማሪያ ጋር ነው፤ የሁለት ልጆች እናት፣ 34 ዓመቷ፣ ደግሞም የቅርብ ጓደኛዋ። ኦንስ በሦስት የጨዋታ ክፍሎች 6 ለ 2፣ 3 ለ 6፣ 6 ለ 1 አሸነፈች። በልማዱ ተሸናፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ አሸናፊዋ ብቻዋን መሐል ሜዳ ቆማ ይጨበጨብላታል። ኦንስ ግን ማሪያን እጇን ይዛ ወደ ሜዳው መለሰቻትና ጭብጨባውን አብረው ተቀበሉ። አገሯ ላይ «የደስታ ሚኒስትር» የሚሏት ወደው አይደለም።

በረከት፦ ከሁለት ቀን በኋላ ግን በኤሌና ሪባኪና ተሸነፈች። የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 3 ወስዳ፣ ቀጣዮቹን ሁለት 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 ተነጠቀች።

ሜሮን፦ ለዚያ ፍጻሜ አንድም የደረጃ ነጥብ እንዳላገኘች ጨምርበት። ዊምብልደን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን ስላገደ፣ ደብሊው ቲ ኤ በበኩሉ ለውድድሩ ነጥብ አልሰጥም አለ። የሁለቱን ጠብ ዋጋ የከፈሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። ለግራንድ ስላም የነጠላ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆና ሳለ!

በረከት፦ ከ1968 ወዲህ በይ። ፕሮፌሽናሎች እንዲወዳደሩ ከመፈቀዱ በፊት ደቡብ አፍሪካዊቷ ሳንድራ ሬይኖልድስ በ1960 ለዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳለች።

ሜሮን፦ እሺ መምህር፣ ከ1968 ወዲህ። አሁን ዋናው መከራከሪያዬ ይምጣ፤ የ2023 ዊምብልደን። በሦስተኛው ዙር ቢያንካ አንድሬስኩ፤ በአራተኛው ፔትራ ክቪቶቫ፣ እሷም 6 ለ 0፣ 6 ለ 3። በሩብ ፍጻሜ ያቺው ሪባኪና፤ የዓመቱን ዕዳ አስከፈለቻት። በግማሽ ፍጻሜ አሪና ሳባሌንካ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ተሸንፋ፣ በሁለተኛው ሳባሌንካ 4 ለ 2 እየመራቻት ነው የገለበጠችው። አራቱም የግራንድ ስላም ሻምፒዮኖች ናቸው! በተከታታይ! ስንቱ ዋንጫ ያነሳ ሰው ይህን መንገድ ተጉዟል?

በረከት፦ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። አራቱን ጥላ መጥታ በፍጻሜው የገጠማት በዓለም 42ኛ የነበረችው ማርኬታ ቮንድሩሶቫ ነች። በመጀመሪያው ክፍል 4 ለ 2፣ በሁለተኛው 3 ለ 1 መርታ፣ ሁለቱንም 6 ለ 4 ተሸነፈች። ይህ የአቅም ጉዳይ አይደለም፤ እጇ ተሳሰረ።

ሜሮን፦ ሸክሙን ተመልከት እንጂ። ሌላዋ ለራሷ ትጫወታለች፤ እሷ «የመጀመሪያዋ አረብ፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» የሚለውን ሁሉ ተሸክማ ነው የምትገባው። በዚያ ላይ ቮንድሩሶቫ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ አሸንፋት ነበር፤ ግራኝ ነች፣ እሷም ኳስ ትቆርጣለች። የኦንስ ተንኮል የማያደናግራት ተጋጣሚ ነበረች።

በረከት፦ እሱስ እውነት ነው። ራሷም በሙያ ዘመኗ እጅግ ያመማት ሽንፈት ያ እንደሆነ እያለቀሰች ተናግራለች። ከዚያ በኋላ በቻይና ኒንግቦ አምስተኛ ዋንጫዋን ብታነሳም፣ ጉዳቱ እየተደራረበ ደረጃዋ ወረደ፤ በ2025 ክረምት ከውድድር ዕረፍት እንደምትወስድ አስታወቀች።

ሜሮን፦ ሜዳ ላይ ደስታ ካጣች ቆይታለች፤ እንዲያ ነበር ያለችው።

በረከት፦ አቋሜን አልቀየርኩም፤ ዋንጫው ጎድሏታል። ግን ያንን የሳባሌንካን ጨዋታ እንደገና የምታይ ከሆነ ሳትጠሪኝ እንዳትጀምሪ።