ሽቅብ በአሰላ፣ ቁልቁል በላንጋኖ
(ለትምህርት ቤት የቱሪዝምና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪዎች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ተማሪ ይዘን ከአዲስ አበባ ስንወጣ፣ የኦሮሚያን ፓርኮች፣ ሐይቆችና ቅርሶች በምን ቅደም ተከተል እንጎብኝ በሚለው ላይ ነው። የጉዞ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ካርታ ተዘርግቶ ኪሎ ሜትር እየተደመረ ነው። ቀጥሎ ባነር ይታተማል፤ ባነሩ ላይ የቦታው ብዛት ሲያምር! ተማሪው ግን ግማሹን ቦታ በመስኮት ያየዋል፣ ግማሹን ተኝቶ ያልፈዋል። መቁጠር ካለብን ከፍታንና የቀን ብርሃንን እንቁጠር።

ከትንሹ እንጀምር። ክበቡ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያ ጉዞው አዳር አያስፈልገውም። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሰው ዘር ቀደምቶች ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በአዋሽ ዳር በደጋ ላይ መኖራቸውን የሚያሳዩ የድንጋይ መሣሪያዎችና አጥንቶች የተገኙበት ቦታ ነው። እዚያ ችግር የሚመጣው ከተማሪ ኪስ ነው። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት መሬት ላይ ሲያይ አንዱ አንስቶ ይከተዋል፤ ሃምሳ ተማሪ ሃምሳ ድንጋይ ማለት ነው። መሣሪያው ለተመራማሪ ትርጉም የሚኖረው በተገኘበት የአፈር ንብርብር ውስጥ ሳለ ነው፤ ከቦታው ከተነሳ ተራ ድንጋይ ይሆናል። የቅርስ ሕጉም ማንሳትን ይከለክላል። ማስጠንቀቂያው አውቶቡስ ውስጥ ይነገር፤ ከወረዱ በኋላ የሚሰማ የለም። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ይበቃሉ፣ ሦስተኛ አትጨምሩ።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል፣ ሐይቁ ከታች ነው። ቁልቁለቱን ሁሉም ይሮጠዋል፤ ዳገቱ ግን ከሰዓት በኋላ፣ በባዶ ሆድ ይጠብቃል። ስለዚህ ምሳ ከታች ይበላ። የመናገሻ ሱባ ደንም ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ግን መንገዱ ለአውቶቡስ አይመችም።

አሁን ወደ ባሌ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፣ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሁለት ነው፤ በሻሸመኔ ወይም በአሰላ። ብዙዎች በሻሸመኔ ሄደው የመጀመሪያውን ሌሊት ላንጋኖ ያድራሉ፤ ለተማሪ ደስ ይላል፣ ዋና አለ። የከፍታ ስህተቱ የሚሠራው ግን እዚሁ ላይ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ለምዷል። ላንጋኖ 1,600 እንኳ አይሞላም። አንድ ሁለት ሌሊት ቆላ አድሮ በማግስቱ በፓርኩ ውስጥ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ የሚተነፍሰው አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ይከተላል። ከዚያ «ምግቡ ነው» ይባላል፣ ወጥ ሠሪዋ ትወቀሳለች።

ስለዚህ ሽቅቡ በአሰላ ይሁን። አሰላ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። የደራርቱ ቱሉ አገር ስለሆነች ተማሪ ሳይቀሰቀስ ይነቃል፤ የሃያ ደቂቃ እረፍት እዚያ ይሰጥ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ምሳውን አሰላ በልቶ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ሳይጨልም ዲንሾ ይገባል። ዲንሾ 3,000 ሜትር አካባቢ ናት። ሁለት ሌሊት እዚያ ማደር ሰውነትን ለሳነቴ ያዘጋጃል።

ሁለተኛው ቀን በእግር ነው። የመግቢያ ክፍያው በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይፈጸማል፤ ደረሰኙ እስከ መጨረሻው ቀን ይያዝ፣ ሳነቴ ላይ ይጠየቃል። አስጎብኚ ከአካባቢው ማኅበር ይወሰዳል። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በቅርብ ይታያሉ፤ ከዚያ የጋይሳይ ሣር ሜዳ አለ። ተማሪዎቹ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሆነው ይከፈሉ፤ ሃምሳ ሰው ባንዴ ሲገባ የሚታየው የአጋዘን ጀርባ ነው።

ሦስተኛው ቀን ሳነቴ። በሮቤና ጎባ በኩል ይወጣል፤ ነዳጅ እዚያ ይሞላ፣ ከዚያ ወዲያ ማደያ አይታመንም። መኪናም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ሾፌሩ ሞተሩ ተበላሸ ብሎ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረው። ቀይ ቀበሮ ቀን ያድናል፤ ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ፣ እነሱ ከጉድጓድ የሚወጡበት ጊዜ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። ስለዚህ በንጋት ውርጭ መውጣት ትርፉ ብርድ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የሚገድሏቸው በዋናነት ከውሻ የሚተላለፉ በሽታዎች፣ የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ዲስተምፐር ናቸው። ምግብ እንዳይጣል የምንለው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የተጣለ አጥንት ውሻ ይጠራል፣ ውሻው በሽታ ይዞ ይመጣል። ሳነቴ ላይ ምሳ አትብሉ፤ ፍርፋሪው በከረጢት ተይዞ ይውረድ። ሾፌሩም ቀስ ይበል፣ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉና።

4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ በመኪና ይወጣል። ጫፉ ላይ ሩጫ ይከልከል፤ ወንዶቹ መወዳደር ይወዳሉ። ራሱን የሚያመው ልጅ ቁጭ ይበል፣ ውኃ ይጠጣ። ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ጎባ ይውረድ። ለዚህ አንድ ትንሽ መኪና ከአውቶቡሱ ጋር መኖር አለበት። ገንዘብ ካነሰ ቦታ ይቀነስ እንጂ ይህ መኪና አይቅር።

ጤነኛው ቡድን በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ይቀጥላል። ጅብራ የተባለው የውርጭ ተክል ያልቃል፣ የአስታ ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከዚያ ደን ይውጣችኋል። በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህን ያህል የሚለዋወጥ መልክዓ ምድር በአገራችን ብዙ የለም፤ የባዮሎጂ መምህር ካለ ማይክሮፎኑን እዚህ ላይ ይስጡት። ቁልቁለቱ በከባድ ማርሽ ይወረድ፣ ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመኑ ይግላል። ምሳው ደኑ ውስጥ፣ የጫካ ቡናውንና ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች እያዩ ይሁን። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን መመለስ ይጀመር፤ ሳነቴን በጭጋግና በጨለማ ማቋረጥ አይገባም።

ሶፍ ዑመርስ? የሚሉ አሉ። ዋሻው ድንቅ ነው፣ የወይብ ወንዝ በሆዱ ያልፋል። ነገር ግን ከሮቤ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወንዙም ደጋግሞ ስለሚሻገሩት ውኃ ሲሞላ አይገባም። በእኛ ግምት የራሱ ጉዞ ይፈልጋል፤ በዚህ ላይ አይለጠፍ።

አራተኛው ቀን ቁልቁል ነው፤ በሻሸመኔ ወደ ላንጋኖ። አሁን ቆላው እረፍት ነው። በማግስቱ ጠዋት የአብያታና የሻላ ሐይቆች። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፤ ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚውል ጨው መሰል ማዕድን) በሚወሰደው ውኃ ምክንያት እየሸሸ ሄዷል። የተወው ዳርቻ ደረቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። በአውቶቡስ ወደ ውኃው መጠጋት ማለት ቀኑን ሲገፉ መዋል ነው። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውኃ ያቃጥላል፤ ተማሪ እጁን እንዳይነክር።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ይመረጥ፤ የግማሽ ዓመቱ እረፍት እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ደረቅ ወቅት ሲሆን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዲንሾ ውርጭ ይጥላል፤ ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የእግር ሹራብ ግዴታ ይሁን። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል።

የወረቀቱ ነገር፦ ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የወላጅ ፈቃድና የአስም ታማሚዎች መረጃ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይዘጋጅ። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ለፓርኩ ይደወል። የየዞኑ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ አንዴ ሲታቀድ፣ አንዴ በመነሻው ዋዜማ። መልሱ «ቆዩ» ከሆነ ቀኑ ይዛወር፤ ለዚህም ከሆቴሉ ጋር ስትዋዋሉ ቀብድ ሳይቃጠል ቀን መቀየር የሚያስችል አንቀጽ በጽሑፍ አስገቡ።

አመሰግናለሁ። የዝግጅት ቅጹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለየክበቡ ሁለት ሁለት ውሰዱ።