ዘንድሮ ኮሊን ይቅደም

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ፊት ወንበር አለ ኑ ተቀመጡ፣ እኔ እንደሆነ አላስረዝምም።

ያው ፕሬስ ጋንግ የሚባለውን የቲቪ ድራማችንን ብለን በተሰበሰብን ቁጥር ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ጥንዶቹ ሊንዳና ስፓይክ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ደሞ ተጣሉ። እኔም እወዳቸዋለሁ እኮ፣ ሊንዳን የምትጫወተው ጁሊያ ሳዋላ ስትቆጣ ማየት ራሱ መዝናኛ ነው፣ ስፓይክን የሚጫወተው ዴክስተር ፍሌቸርም እንግሊዛዊ ሆኖ በአሜሪካዊ አክሰንቱ ስንቱን ሸውዷል። ግን ዘንድሮ ሌላው ገጸ ባህሪ ኮሊን ይቅደም ብያለሁ፣ የክለባችን ሊቀመንበር መሆን ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ለአዲስ አባላት ባጭሩ፣ ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 በእንግሊዙ አይቲቪ ጣቢያ የታየ ነው፣ 5 ሲዝን፣ 43 ክፍል፣ ተማሪዎች ጁኒየር ጋዜት የሚባል ጋዜጣ ሲያዘጋጁ። ሀሳቡን ያመጣው ቢል ሞፋት የሚባል ርዕሰ መምህር ነው፣ ሀሳቡ ሲወደድለት ስክሪፕቱን ልጄ ይሞክረው አለ፣ ልጁ ስቲቨን ደሞ ያኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፣ ለቲቪ ጽፎ የማያውቅ! በኋላ «ዶክተር ሁ» እና «ሸርሎክ» የሚባሉትን ድራማዎች የጻፈው ሰውዬ ማለት ነው። ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ ሽልማትም አግኝተዋል፣ ይገባቸዋል።

ወደ ኮሊን ልመለስ። ኮሊን የጋዜጣው የገንዘብ ሰው ነው፣ ሁሌ የሆነ ቢዝነስ የሚጎነጉን፣ ገና ብቅ ሲል የሚያስቀን። እና ስለ ልጆች ጥቃት የሚያወራው ባለ ሁለት ክፍሉ ታሪክ ሲመጣ፣ ትንሿን ልጅ የሚቀርባትና ቤቷ ውስጥ ምን እየደረሰባት እንደሆነ የሚገባው ማን ሆነ? ኮሊን! ደራሲው ከጋዜጣው ልጆች ለደጉ ለኬኒ ወይም ለሳራ ቢሰጠው ማንም አይገርመውም ነበር፣ እነሱ ቁም ነገረኞች ናቸዋ፣ እኛም ገና ሳይጀመር ምክር ሊመጣ ነው ብለን እንዘጋጅ ነበር። ኮሊን ሲሆን ግን ሳቃችንን አመቻችተን ነው የምንቀመጠው፣ ስለዚህ ነገሩ ሲመጣ ያልተዘጋጀነው እሱ ብቻ አይደለም፣ እኛም ነን። ይሄ ደሞ በልጆች ፕሮግራም ሰዓት! ማስቲሽ መሳብም፣ ራስን ማጥፋትም እዛው ከቀልዱ ጎን ገብተዋል፣ ልጅ አይገባውም ብለው አላለሳለሱትም። ለኔ የድራማው ትልቅነት ፍቅሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው፣ የማይስማማ ካለ ውይይቱ ላይ እንነታረካለን።

በሉ ሁለቱን ክፍሎች በተከታታይ እናያለን፣ መሀል ላይ አናቆምም፣ ስልክ ሳይለንት። የሊንዳና የስፓይክ ጉዳይ ያልተቋጨለት ሰው እረፍት ሰዓት ላይ ውጪ ያውራ። ስብሰባው ተከፍቷል፣ መብራቱን አጥፉልን።