አቼቶው ከፓኤያው ጎን ይቀመጥ
(ዱባይ ውስጥ በሆቴልና በሬስቶራንት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ምግብና ታሪክ እንድናገር ስታዘዝ አዘጋጆቹ ስለ ዶሮ ወጥ እንደማወራ ገምተው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ዛሬ ወደ ፊሊፒንስ ልወስዳችሁ ነው። አትቆጡኝ። እስቲ ከፊሊፒኖች ጋር አንድ ኪችን ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? በሠራተኛ ምሳ ላይ አዶቦ፣ ያንን በአቼቶ የሚሠራ የሥጋ ወጣቸውን፣ ያልቀመሰም ያለ አይመስለኝም። ከእነሱ ጋር ዓመታት እንሠራለን፣ በዓል ሲሆን ሽፍት እንቀያየራለን። የምናውቃቸው ግን በዩኒፎርም ነው። ቤታቸው ምን ዓይነት ጠረጴዛ እንዳለ አናውቅም።

እኔ ያየሁት አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ለእረፍት ሲሄድ ይዞኝ ስለሄደ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችንም «ኩያ» ነው የምንለው፣ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እናቱን ይዘን ከማኒላ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዘን ባታን ክፍለ ሀገር ገባን፤ ያውም ትራፊኩ ስለራራልን። ባጋክ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በ1942 የጃፓን ጦር የማረካቸውን የፊሊፒንስና የአሜሪካ ወታደሮች በእግር የነዳበት የሞት ጉዞ ከተነሣባቸው ሁለት ቦታዎች አንዷ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እዚያ ላስ ካሳስ ፊሊፒናስ ደ አኩዛር የሚባል ሪዞርት አለ። ሆሴ አኩዛር የሚባሉ የቤት ግንባታ ባለሀብት ከ2003 ጀምሮ ከፊሊፒንስ ከየአካባቢው አሮጌ ቤቶችን ገዝተው እዚያ አስተከሉ። በ2010 ለሕዝብ ከፈቱት። ቤቱ ይፈርሳል፣ እያንዳንዱ ሳንቃና ድንጋይ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በመኪና ይጫናል፣ ባጋክ ላይ እንደገና ይገጠማል። የጎደለው በአዲስ ይሞላል። ከነጭራሹ አዲስ የተሠሩም አሉ፤ ለምሳሌ ኦቴል ደ ኦሪየንቴ የሚባለው በማኒላ ቢኖንዶ የነበረው ዝነኛ ሆቴል ቅጂ ነው።

ቤቶቹ እነሱ «ባሃይ ና ባቶ» የሚሉት ዓይነት ናቸው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት። ፎቁን በእንጨት የሠሩት ለጌጥ ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ፣ ማኒላ በ1645ም በ1863ም በመሬት መንቀጥቀጥ የፈራረሰች ከተማ ናት። ድንጋይ ራስ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ከፍ አድርጎ አይከምረውም። የመስኮቱ መስታወት ደግሞ መስታወት አይደለም፤ ካፒስ የሚባል የባሕር ዛጎል ነው። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ወተት የመሰለ። የከሰዓት ፀሐይ በዚያ አልፋ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ያለ ምግብ ሁሉ ይጣፍጣል። ይህን የምላችሁ የመብራት ነገር በሥራ ስለማውቅ ነው።

ክርክር አለበት። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ቤት ከተተከለበት መንደር ከተነቀለ ቅርስነቱ ይጎድላል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እዚያው ቢቀር ይፈርስ ነበር ባዮች ናቸው። ከማኒላ ኪያፖ ሰፈር የመጣ አንድ የባላባት ቤት አለ። በአንድ ወቅት የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ ክፍሎቹ ለየሰው ተከራዩ፣ የቦውሊንግ መጫወቻም ሆነ። እንዲህ ያለ ቤት ከሚፈርስ ቢጓዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከጎረቤቱ የተነጠለ ቤት ስለ ራሱ መመስከር ያቅተዋል። ቤቱ ውስጥ ማን ምን ይበላ ነበር፣ ማንስ ያበስል ነበር የሚለውን የሚነግረን ማዕዱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ከግንበኛው ይልቅ ሼፉ ትልቅ አደራ አለበት።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። እዚያ ካሉት ምግብ ቤቶች የፊሊፒኖና የስፔን ምግብ ከሚያቀርበው ገባን። ሜኑው ላይ ፓኤያ፣ በሰፊ ድስት የሚሠራው የስፔን ሩዝ፣ አለ፤ ካዮስ አለ፣ ካልዴሬታ የሚሉት የሥጋ ወጥ አለ። አዶቦ፣ ሲኒጋንግ፣ ካሬ ካሬም አሉ። ካዮስ ማለት ጨጓራ ከሽምብራና ቾሪዞ ከሚባለው የአሳማ ቋሊማ ጋር ተቀቅሎ በቲማቲም የሚወጣ ነው። ሲኒጋንግ አረቦቹ ተምር ሂንዲ በሚሉት ኮምጣጣ ፍሬ የተሠራ ሾርባ ነው፤ ጉሮሮ ይከፍታል። ካሬ ካሬ የበሬ ጭራ በኦቾሎኒ ሶስ ነው።

የስፔን ምግብ የምንለው እንዴት እዚያ ደረሰ? ከስፔን በቀጥታ የመጣ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን በሜክሲኮ ዞሮ ነው የመጣው። ለስፔን ንጉሥ የሚጓዘው መርከበኛ ማጄላን በ1521 ደረሰ፣ የስፔኑ ገዢ ሌጋዝፒ በ1571 ማኒላን የስፔን ከተማ አደረጋት። ከ1565 እስከ 1815 ድረስ ትላልቅ መርከቦች በማኒላና በሜክሲኮዋ አካፑልኮ መካከል ይመላለሱ ነበር። ከማኒላ የቻይና ሐርና ሸክላ ይሄዳል፣ ከአካፑልኮ ብር ይመጣል። ከብሩ ጋር ቲማቲም፣ በቆሎ፣ ካካዎ፣ ኦቾሎኒና ቃሪያ አብረው መጡ። ዛሬ ፊሊፒኖ ቁሌት ሲያቁላላ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ነው። ቲማቲሙ የዚያ መርከብ ተሳፋሪ ነው። ካሬ ካሬ ላይ ያለው ኦቾሎኒም እንደዚሁ።

አዶቦ ግን ከመርከቡ በፊትም ነበር። ስፔኖቹ ሲደርሱ ሰዎቹ ሥጋና ዓሣ በአቼቶና በጨው ሲያበስሉ አገኟቸው። በሞቃት አገር፣ ፍሪጅ በሌለበት ዘመን፣ አቼቶ የገባበት ሥጋ ቶሎ አይበላሽም። ሶያ ሶሱን በኋላ የጨመሩት ከቻይናዎቹ ወስደው ነው። ዛሬም ሶያ ሶስ የሌለበት ነጭ አዶቦ የሚሠሩ አሉ። እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ጥቁሩ ሆቴል ሆቴል ይለኛል።

ፓስታ በእንጀራ ጠቅልለን የምንበላ ሰዎች ደግሞ የሚቀጥለው አይገርመንም። ፓኤያ ፊሊፒንስ ሲገባ መልኩን ለወጠ። የወይራ ዘይትና ሩዙን ቢጫ የሚያደርገው ቅመም ዛፍራን ከባሕር ማዶ የሚመጡ ውድ ዕቃዎች ነበሩ። ፓምፓንጋ የሚባለው አውራጃ ሰዎች ምን አደረጉ? የሚጣበቀውን የአገራቸውን ሩዝ ወሰዱ፣ በኮኮናት ወተት ቀቀሉት፣ ቢጫውን በእርድ አመጡት። ብሪንጌ ይሉታል። ለበዓል ይቀርባል። ስፔናዊ ሼፍ ቢያየው ራሱን ይይዛል። እኔ ግን ጎን ለጎን ብታቀርቡልኝ መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ብሪንጌው ነው።

አሁን ያን ቀን ዓይኔ ያረፈበትን ልንገራችሁ። ፓኤያው በሰፊ ብረት ድስት መጣ። ሽሪምፑ ላዩ ላይ ተደርድሯል። አስተናጋጁ ሳንጠይቀው አራት ትናንሽ ሳህን አብሮ አስቀመጠ። አንዱ አቼቶ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ነው። አንዱ ፓቲስ፣ ማለትም የዓሣ ሶስ። አንዱ ባጎንግ፣ በጨው የተብላላ የደቃቅ ሽሪምፕ ድልህ። አራተኛው ላይ ካላማንሲ፣ ከብይ ብዙም የማትበልጥ ሎሚ፣ ለሁለት ተቆርጣ ተደርድራለች። የኩያ እናት ጊዜ አላጠፉም። ፓቲሱ ላይ ሁለት ካላማንሲ ጨመቁ። ቀይ ቃሪያዋን በማንኪያ ጀርባ ጨፈለቋት። ከዚያ የፓኤያቸውን ዳር ብቻ ጠቅሰው ቀመሱ፣ አሰቡ፣ አንድ ጠብታ ጨመሩ። ፊታቸው ላይ «አሁን ገና ምግብ ሆነ» የሚል ነገር አየሁ።

ይህ ነገር ሳውሳዋን ይባላል። እኛ ሼፎች ምግብ ከኪችን ሲወጣ አለቀ እንላለን። ጨው የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ይከፋናል፤ አትዋሹ። ፊሊፒኖ ቤት ግን ሼፉ ግማሹን ነው የሚጨርሰው። ቀሪውን በላተኛው ይጨርሳል፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ምላሱ። ካሬ ካሬ ያለ ባጎንግ ከቀረበማ ገና አልተሠራም ማለት ነው። ሶሱን ሆን ብለው ለስላሳ የሚያደርጉት ጨው የሚመጣው ከባጎንጉ ስለሆነ ነው።

ያ የመመገቢያ አዳራሽ ድሮ እንዴት እንደነበር አስቡት። በእነዚያ ዘመን የሀብታም ቤቶች ከጠረጴዛው በላይ ረጅም ጨርቅ ከጣሪያ ይንጠለጠላል። አንድ አሽከር ጥግ ቆሞ በገመድ እየሳበ ያራግባል፤ ለንፋስም ለዝንብም። ጌቶቹ ከአገራቸው የመጣውን ሃም (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ)፣ ወይራና ቾሪዞ ይበላሉ። ያንን የሚያበስሉት ግን አብዛኞቹ የአገሬው ሰዎችና ቻይናዎች ነበሩ። የስፔን ምግብ የፊሊፒኖ ጣዕም የያዘው ከዚያ ኪችን ውስጥ ነው። አብሳዩ የጌታውን ድስት ይቀምሳል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ባለው ዕቃ ይሞክረዋል። ለዚህ ነው ካልዴሬታና ሜቻዶ የሚሉት ሌላው የሥጋ ወጥ ዛሬም የበዓልና የሠርግ ምግብ የሆኑት። በአዘቦት ቀን ዓሣና ሩዝ ነው።

የክብር ነገር ደግሞ አለ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1898 ፊሊፒኖች ነፃነታቸውን በምክር ቤት አጽድቀው ማሎሎስ ላይ ግብዣ አደረጉ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የስፔን ቅኝ ግዛት በኋላ፣ የራሳቸው መንግሥት፣ የራሳቸው ባንዲራ። ሜኑው ግን በፈረንሳይኛ ተጻፈ። ሳልሞን ዓሣ በኦላንዴዝ ሶስ፣ ቱርክ ትራፍል ከሚባለው ውድ እንጉዳይ ጋር፣ ሻቶብሪያን የሚሉት ለስላሳ የበሬ ሥጋ። ዓለም «እነዚህ የሠለጠኑ ናቸው» እንዲላቸው ፈልገዋል፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ሁሉ መሃል ግን አንድ የዶሮ ሆድ ዕቃ «በታጋሎግ አሠራር»፣ ማለትም በማኒላ አካባቢ ሕዝብ አሠራር፣ ተብሎ ገብቷል። እኔ ያን መስመር ሳነብ ሳቅሁ። ኪችን ውስጥ የነበረ አንድ ሰው እጁን ያስገባ ይመስለኛል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስፔን አገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አሳልፋ ሰጠች። ግብዣው ሳይበርድ ማለት ይቻላል።

ስለ ጣፋጩ አጭር ልበል። ሌቼ ፍላን የሚባለው የወተት ጣፋጭ ከእንቁላሉ አስኳሉን ብቻ ይወስዳል፣ ላዩ ካራሜል ነው። ነጩ የት ይሄዳል ብትሉ፣ ድሮ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ኖራ ላይ ይጨመር ነበር፣ አስኳሉ ሲተርፍ ጣፋጭ ሆነ ይባላል። የሚጠጣው ትኩስ ቾኮላታቸው ደግሞ በእንጨት መምቻ በሁለት መዳፍ እየተሽከረከረ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። ወፍራሙ ለተከበረ እንግዳ፣ ቀጭኑ ለሌላው። እንዲህ ያለ ሥርዓት የምናውቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ሆቴል «የፊሊፒኖ ምሽት» አዘጋጀ። ስሙ ይቅር። ቡፌው ያምራል፣ አዶቦ አለ፣ ካሬ ካሬ አለ። ኃላፊው ግን ባጎንጉንና የአቼቶውን ሳህን አስነሣ። ይሸታል ተባለ። ፊሊፒኖ እንግዶች መጡ፣ ቀመሱ፣ በትሕትና ፈገግ አሉ። ሁለተኛ ሰሃን ያነሳ አልነበረም። እኛም «የሐበሻ ምሽት» ስናዘጋጅ ዱለቱን እንደብቃለን፣ ሚጥሚጣውን ከቡፌው ዳር እናርቃለን። ጥብስና አልጫ አሰልፈን «ይህ ነው ባህላችን» እንላለን። እንግዳው አይወደውም ብለን ማነው የወሰነልን?

ላስ ካሳስ ውስጥ የተቀመጥኩበትን ጠረጴዛ የወደድኩት ለዚህ ነው። ፓኤያው የጌታው ሰሃን ነበር፣ አቼቶው የአሽከሩ። ጎን ለጎን ቀረቡ፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ከእናንተ መሃል ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ የወጡን አዘዛዝ ለአስተናጋጁ ተዉለት፤ ባጎንጉን ግን አትመልሱ። መጀመሪያ በጥቂቱ ቅመሱት። ጨዋማ ነው፣ ማንም አላስጠነቀቀኝም እንዳትሉኝ።

አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ለኮሚቴውም አቅርቤዋለሁ። በሚቀጥለው የማኅበራችን እራት ፊሊፒኖ ባልደረቦቻችንን እንጋብዝ። እነሱ ካዮስ ይሥሩ፣ እኛ ዱለት። ሁለቱም ጨጓራ ነው፣ ስለዚህ ግዢውን አንድ ላይ እናደርጋለን፣ ይረክሳል። ኩያ ተስማምቷል፤ እናቱም በስልክ ሆነው ቅመሙን ይቆጣጠራሉ። የቀረው ጨጓራውን የሚያጥብ ሰው ነው። ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፈቃደኛ የሆነ ከመውጣቱ በፊት እኔ ዘንድ ይመዝገብ።

አመሰግናለሁ።